መቀጮው የማን ነው?

አንድ ሾፌር የኩባንያውን የጭነት መኪና ነድቶ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ደረሰ እንበል። ማቆሚያው ሁሉ ተይዟል፤ ባለሱቁም ዕቃውን ቆሞ ይጠብቃል። ሾፌሩ ማቆም በተከለከለበት ስፍራ አቁሞ ሣጥኖቹን ሲያወርድ የትራፊክ ፖሊስ መጣና የመቀጮ ወረቀት ከመስተዋቱ ላይ ሰክቶ ሄደ። ይህን መቀጮ መክፈል የሚገባው ማን ነው? መሪውን የያዘው ሾፌር ነውን? መኪናውን የገዛው ባለንብረት ነውን? ወይስ «ዕቃዬ እስከ ቀትር ይድረስልኝ» ብሎ ያዘዘው ነጋዴ ነው?

ነገሩ ለመስማት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ብዙ ታላላቅ የፍርድ አሳቦች የተወለዱት እንዲህ ካለው የጥቂት ገንዘብ ክርክር ነው። እኔም ይህን ጥያቄ በታሪክ መንገድ ልከተለው አሰብሁ። የማነሣቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተናል። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፥ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። ነገር ግን በሬው አስቀድሞ ተዋጊ እንደ ነበረ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቢቀር ባለቤቱም ይጠየቅበታል። እንግዲህ ዳኛው ማን ወጋ ብሎ ከጠየቀ በኋላ፥ ማን ያውቅ ነበር፥ ማንስ ሊከለክል ይችል ነበር ብሎ ደግሞ ይጠይቃል ማለት ነው። የሮማ ሰዎች በበኩላቸው ሌላ ልማድ ነበራቸው። ባሪያ ሌላውን ሰው የበደለ እንደ ሆነ ጌታው ከሁለት አንዱን ይመርጥ ነበር፤ ወይም ካሣውን ይከፍላል፥ ወይም ባሪያውን ለተበዳዩ አሳልፎ ይሰጣል። ይህ ከጭነት መኪና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

የማቆሚያ መቀጮ በሰፊው የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። በአሜሪካ በኦክላሆማ ሲቲ ከተማ በሐምሌ ወር 1935 ሳንቲም እየዋጠ ጊዜ የሚቈጥር የማቆሚያ መሣሪያ ከመንገድ ዳር ተተከለ፤ በዓለም የመጀመሪያው እርሱ ነው። አሳቡን ያመነጨው ካርል ማጊ የሚባል የጋዜጣ ሰው ነበር። የከተማው ነጋዴዎች፥ ሰው መኪናውን ከሱቃችን ፊት ለፊት አቁሞ ቀኑን ሙሉ እየዋለ ገበያተኛ መግቢያ አጣ ብለው ስለ ተቸገሩ ነበር መድኃኒቱ የተፈለገው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በየከተማው ሲዘረጋ ከእርሱ ጋር የመቀጮው ወረቀት አብሮ ተዘረጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። የሚሮጠውን መኪና ፖሊስ ቢያስቆመው ነጂውን ከመሪው ላይ ያገኘዋል። የቆመውን መኪና ግን ባዶውን ያገኘዋል። ምስክሩ ታርጋው ብቻ ነው፤ ታርጋውም የሚናገረው የባለንብረቱን ስም ነው እንጂ የሾፌሩን ስም አያውቅም። ስለዚህ መንግሥት ከጥፋተኛው ይልቅ በቀላሉ የሚገኘውን ሰው መያዝ ግድ ሆነበት። በ1940 የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት፥ መኪናው በማይገባ ስፍራ ቆሞ ከተገኘ ያቆመው ባለንብረቱ ነው ብሎ መገመት ተገቢ ነው ሲል ፈረደ። በ1978 ደግሞ በቺካጎ ከተማ መኪና የሚያከራዩ ኩባንያዎች፥ «እኛ አከራይተን ሰጠን እንጂ ያቆመውን ሰው በዓይናችን አላየነውም፤ ስለምን እንከፍላለን?» ብለው ተከራከሩ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ባለንብረቱ ይክፈል፥ ከተከራዩ ጋር የራሱን ሒሳብ ይተሳሰብ የሚል አሳብ ያለበትን የከተማውን ደንብ አጸናው።

በሌላው ሰው ጥፋት መቀጣት እስከ ምን ድረስ ይሄዳል? በ1959 በፔንሲልቫንያ አንድ የመጠጥ ቤት ጌታ፥ ሠራተኞቹ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች መጠጥ ስለ ሸጡ፥ እርሱ በስፍራው ሳይኖር 500 ዶላር መቀጮና የሦስት ወር እስራት ተፈረደበት። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀጮውን አጽንቶ እስራቱን ሰረዘለት። ሰው በሠራተኛው ጥፋት ከኪሱ ቢከፍል ይገባል፥ ሰውነቱ ግን በሌላው ጥፋት ከወኅኒ አይገባም ማለት ነው። ይህ ፍርድ ለእኔ ትክክል ይመስለኛል። በአገራችንም በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081፥ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው፥ ሊነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ ኃላፊ ነው፥ የተሰረቀበት መሆኑን ሲያስረዳ ግን ይድናል ይላል። ይህ የካሣ ነገር እንጂ የመቀጮ ነገር አይደለም። ቢሆንም አሳቡ ከዚያው ከበሬው ጌታ የመጣ ነው።

አሁን የሮማውን ልማድ ላስታውስ። በፈረንሳይ አገር ከ1917 ሳይሆን ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፥ ማለት ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ፥ የኩባንያ መኪና በካሜራ ጥፋት ላይ ሲገኝ የኩባንያው ኃላፊ በ45 ቀን ውስጥ ማን ይነዳ እንደ ነበር ስሙን እንዲያስታውቅ ታዘዘ። ስሙን ካልሰጠ ኩባንያው ራሱ ሌላ መቀጮ ይከፍላል። ወይ ክፈል፥ ወይ ሰውህን አሳልፈህ ስጥ የሚለው የሮማ ሕግ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ልብሱን ለውጦ መጣ። የሚያስገርመው ግን የማቆሚያው ነገር በተቃራኒው መንገድ መሄዱ ነው። እዚያው ፈረንሳይ በ2018 መጀመሪያ የማቆሚያ ክፍያ አለመክፈል ወንጀል መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ብቻ ሆነ፤ ዕዳውም የሚጠየቀው መኪናው በስሙ ከተመዘገበው ሰው ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ይህን መንገድ ቀድማ ጀምራው ነበር፤ በ1970 የማቆሚያን ጥፋት ከወንጀል ፍርድ ቤት አውጥታ ለአንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ሰጠችው።

ጥፋት ወደ ዕዳ ሲለወጥ ምን ይሆናል? ይህን የሚያስረዳ፥ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ አንድ ታሪክ አለ። ክርክሩ የተነሣው ስለ ማቆሚያ ሳይሆን ስለ ጭነት ክብደት ነው፤ ነገር ግን የጭነት መኪና መቀጮ ከማን ኪስ እንደሚወጣ እንደዚህ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አላገኘሁም።

በ1951 በፔንሲልቫንያ ክፍለ ግዛት የጭነት መኪና ከ45,000 ፓውንድ በላይ እንዲመዝን አይፈቀድም ነበር። በዙሪያው ያሉት ክፍለ ግዛቶች ግን እስከ 60,000 ፓውንድ ገደማ ይፈቅዱ ነበር። ታንክ ትራክ ሬንታልስ የሚባል ኩባንያ ቦቴ መኪናዎችን ከነሾፌሮቻቸው ለአጓጓዦች ያከራይ ነበር፤ በውላቸውም መሠረት በጉዞ ላይ የሚመጣውን መቀጮ የሚከፍለው ይኸው ኩባንያ ነበር። ቦቴዎቹ ሞልተው ሲጫኑ የፔንሲልቫንያን ሕግ ያፈርሳሉ። አጉድለው ሲጫኑ ደግሞ ለጉዞ አደገኛ ይሆናሉ፤ የሚከፈለውም በጋሎን ልክ ስለ ሆነ ወጪውን አይመልስም። ትንሽ ቦቴ እንግዛ ቢሉ ሌላው ተወዳዳሪ በትልቁ እየጫነ ከገበያ ያስወጣቸዋል። በዚህ ጊዜ ይህ ኩባንያ ብቻ ሳይሆን በዚያ ሥራ ላይ ያሉት ሁሉ፥ ፖሊስ ካላየን አለፍን፥ ካየን እንከፍላለን ብለው ሆነ ብለው ከልክ በላይ እየጫኑ መንዳት ያዙ። በዚያ በአንዱ ዓመት ኩባንያው እያወቀ ለተላለፋቸው 718፥ ሳያውቅ ለተላለፋቸው 28 ጥፋቶች በጠቅላላው 41,060 ዶላር ከ84 ሳንቲም ከፈለ።

እስከዚህ ድረስ የተለመደ የንግድ ሰው ታሪክ ነው። ኩባንያው ግን የዓመቱን ግብር ሲያሰላ ይህን መቀጮ እንደ ነዳጅና እንደ ጎማ የሥራ ወጪ አድርጎ ከትርፉ ቀነሰው። የግብር ሹሞቹ አንቀበልም አሉ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲወጣ ቈይቶ በመጋቢት 1958 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ኩባንያውን ረቱት። ፍርዱን የጻፈው ቶም ክላርክ የተባለው ዳኛ ነበር። የፍርዱም ምክንያት አጥፊው መቀጮውን ከግብሩ እንዲቀንስ ቢፈቀድለት ሕግ አውጪው ያሰበው የቅጣት ሕመም ይቀንሳል የሚል ነው። ሳያውቅ ለተላለፋቸው ለ28ቱም ቢሆን አልራሩለትም፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ባወቀና ባላወቀ መካከል አይለይም ነበርና። በ1969 ይህ አሳብ በግብር ሕጉ ውስጥ ተጽፎ ገባ።

ይህን ፍርድ እያመላለስሁ አስቤበታለሁ። ኩባንያው ቢረታ ኖሮ የመቀጮው ከፊል ከማን ይወጣ ነበር? መንግሥት ከሚያጣው ግብር፥ ይኸውም ከሕዝቡ ነበር። ሕጉን ጠብቆ ጭነቱን አጉድሎ የሚሄድ ነጋዴ ቢኖር፥ የተወዳዳሪውን መቀጮ በግብሩ ይደግፍ ነበር ማለት ነው። በሌላ ወገን ግን ለኩባንያው የማዝንበት ነገር አለ። ጎረቤት ሁሉ የሚፈቅደውን የሚከለክል ሕግ ማውጣት፥ መንገዱ የሚያልፈውም በዚያው ላይ ሲሆን፥ ሰውን ጥፋት እንደ ማስተማር ነው። ቢሆንም ሕጉ የማይመች ከሆነ መንገዱ ሕጉ እንዲለወጥ መጠየቅ ነበር፤ በየቀኑ እየከፈሉ ማፍረስን እንደ ኪራይ መቍጠር ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ከተማው ራሱ ኪራዩን ተዋዋለ። በኒው ዮርክ የዕቃ አድራሽ ኩባንያዎች መኪናዎች በየቀኑ ብዙ የመቀጮ ወረቀት ይቀበሉ ነበር፤ በየወረቀቱም ይከራከሩ ነበር። በ2004 ከተማው የውል ሥርዓት አወጣ። ኩባንያው መከራከሩን ይተዋል፤ ከተማውም ለየጥፋቱ ዓይነት አስቀድሞ የተወሰነ፥ ከተራው ሰው የሚያንስ መቀጮ ያስከፍለዋል፤ ፈጽሞ ያልተከፈለባቸው የጥፋት ዓይነቶችም ነበሩ። ለከተማው የክርክር ድካም ቀረለት፥ ለኩባንያውም ሒሳቡ የታወቀ ሆነለት። እኔ ግን የራሱን አንድ መኪና ይዞ ዳቦ የሚያከፋፍለውን ሰው አስባለሁ፤ ሙሉውን የሚከፍለው እርሱ ነውና። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንደሚባለው፥ የትልቁ ኩባንያ ሾፌርም ኩባንያው እንደሚከፍል ካወቀ በሁለተኛው ረድፍ አቁሞ መንገዱን ቢዘጋ ምን ይገደዋል? ከኋላው የቆመው አምቡላንስ የማን እንደ ሆነ አይጠይቅም።

እንግዲህ ሾፌሩ ይክፈል ልንል ነውን? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

በአሜሪካ የጭነት ሥራ ላይ የሚኖር አንድ የአክስቴ ልጅ አለ። በዚያ አገር በመሪ የሚተዳደሩ ያገራችን ልጆች ብዙዎች ናቸው። እርሱ የሚሠራበት፥ ስሙን የማልጠራው ኩባንያ፥ ሠራተኛችን አይደለህም፥ ራስህን የቻልህ ተዋዋይ ነህ የሚል ወረቀት አስፈርሞታል። የሚሄድበትን ስፍራ፥ የሚደርስበትን ሰዓት፥ የሚያደርሰውን ዕቃ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፤ የማቆሚያው መቀጮ ሲመጣ ግን ተዋዋይነቱ ይታወሳል። በስልክ ሲነግረኝ፥ «ጋሼ፥ መሪው የእኔ ነው፥ መንገዱ የእነሱ ነው፥ ወረቀቱ የእኔ ነው» አለኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው ተረት ትዝ አለኝ።

ይህ የእርሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። በካሊፎርንያ ዳይናሜክስ የሚባል የዕቃ አድራሽ ኩባንያ በ2004 ሾፌሮቹን ሁሉ ከሠራተኛነት ወደ ተዋዋይነት ለወጣቸው፤ መኪናውንም፥ ነዳጁንም፥ መድኑንም፥ የመንገዱን ቀረጥም ከኪሳቸው እንዲችሉ ሆኑ። በሚያዝያ 2018 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ሥራው የኩባንያው የዘወትር ሥራ ከሆነና ሰውየው በኩባንያው ሥልጣን ሥር ከሆነ ስሙን በመለወጥ ብቻ ሠራተኛነቱ አይጠፋም የሚል አሳብ ያለው ፍርድ ሰጠ። ሠራተኛ መሆን ለምን ይጠቅመዋል ብትል፥ በዚያ ክፍለ ግዛት ከ1937 ጀምሮ በጸናው የሥራ ሕግ፥ ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ያወጣውን አስፈላጊ ወጪና የደረሰበትን ኪሣራ አሠሪው ይተካለታል። አሠሪው ያዘዘው ነገር ሕገ ወጥ ሆኖ ቢገኝም፥ ሠራተኛው ባለማወቅ ታዞ ከሆነ ይተካለታል። ሕገ ወጥ መሆኑን እያመነ የታዘዘ እንደ ሆነ ግን ይህ መብት የለውም። ሕግ አውጪዎቹ ይህን የጻፉት ሎሌ የጌታውን ክፋት እንዳያግዝ አስበው ይሆናል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ማቆም ክልክል ነው የሚለውን ሰሌዳ የማያነብ ሾፌር ከየት ይመጣል? ሾፌሩ ሕጉን ያውቃል፤ የማያውቀው ሌላ የሚያቆምበትን ስፍራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ፥ የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት በ1979 የራሳቸውን መኪና ለአጓጓዥ ኩባንያ ለሚያከራዩ ሾፌሮች ያወጣው ደንብ ነው። ጭነቱ አስቀድሞ ተጭኖ ከታሸገ፥ ወይም ከሾፌሩ ሥልጣን ውጭ ከሆነ፥ ከልክ በላይ ለሆነው ክብደት የሚመጣውን መቀጮ ኩባንያው ይክፈል ይላል፤ ጥፋቱ የሾፌሩ የራሱ ካልሆነ በቀር። ሰው ከፍቶ ባላየው ሣጥን አይቀጣም። የበሬውም ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ያወቀና መከልከል የቻለ ይጠየቅ።

ይህን ሚዛን ለማቆሚያው ብንጠቀምበት የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ሾፌሩ ምሳውን ሊበላ ገብቶ መኪናውን ከእሳት አደጋ የውሃ ቧንቧ አጠገብ ቢያቆም ከደመወዙ ይክፈል። ማራገፊያ በሌለው መንገድ፥ በተቈጠረለት ሰዓት፥ ለኩባንያው ዕቃ ሲል ቢያቆም ግን ኩባንያው ይክፈል፥ ወጪውንም ከዕቃው ዋጋ ላይ ያሳርፈው፤ ዕቃው ከደጃችን እንዲደርስ የምንፈልገው እኛም የድርሻችንን እንድንቀምስ።

ረጅም መንገድ የሚጓዘው ሾፌር ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። በአሜሪካ ሕግ ጭነት የሚነዳ ሰው 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮም ይህን የሚመዘግብ መሣሪያ በብዙዎቹ መኪናዎች ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሾፌሩ መቆም አለበት። የማደሪያው ስፍራ ሞልቶ ከሆነ ግን የት ይቁም? ቢነዳ አንዱን ሕግ፥ ከመንገዱ ዳር ቢቆም ሌላውን ሕግ ያፈርሳል።

በመጋቢት 2009 የኒው ዮርክ ሰው የሆነ ጄሰን ሪቨንበርግ የተባለ ሾፌር ጭነቱን ወደ ሳውዝ ካሮላይና ይዞ ሄደ። ከቀጠሮው ቀድሞ ስለ ደረሰ ተረካቢው ዘንድ ገብቶ ማደር አልቻለም። ሌላ ስፍራ ቢያጣ ሥራ ካቆመ አሮጌ የነዳጅ ማደያ ግቢ ገብቶ ተኛ። እዚያው ወንበዴ ገደለው፤ የተወሰደበትም 7 ዶላር ነበር። ሚስቱ በዚያን ጊዜ መንታ ልጆች አርግዛ ነበር። እርስዋና ወዳጆቹ ከእንደራሴዎች ምክር ቤት ደጃፍ ሳይለዩ ቈይተው፥ በሐምሌ 2012 በስሙ የተጠራ ሕግ ወጣ፤ በዚህም ሕግ የመንገድ ገንዘብ ለጭነት መኪና ማደሪያ እንዲውል ተፈቀደ፥ የማደሪያውም እጥረት በየክፍለ ግዛቱ እንዲመረመር ታዘዘ። በ2015 የወጣው ምርመራ ከሾፌሮቹ ከመቶ 75 የሚበልጡት የሚያርፉበት አስተማማኝ ስፍራ ለማግኘት ዘወትር እንደሚቸገሩ ገለጠ። ምርመራው በ2020 ሲደገም ቍጥሩ ከመቶ 98 ሆነ። ሌሊት በትልቁ መንገድ መውጫ ላይ መብራታቸውን አጥፍተው ተሰልፈው የሚታዩት ካሚዮኖች የእነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ሲነጋም ከመካከላቸው አንዳንዱ ከመስተዋቱ ላይ ወረቀት ያገኛል።